የሚያቃና ጆሮ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ ማንኩሳን ሳያይ አያልፍም። ትንሽ ከተማ ናት። መኪናው ሰው ካላወረደ ወይም ካልጫነ አይቆምባትም። ይሁንና አማርኛ ማንበብ የሚወድ ሰው ስሟን ከእኛ ከአገሬዎቹ እኩል ያውቀዋል፤ የፍቅር እስከ መቃብሩ በዛብህ የተወለደው እዚያ ነዋ። ከሩቅ የመጣ እንግዳ "የቦጋለ መብራቱ ቤት የቱ ጋ ነበር?" ብሎ ሲጠይቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የተጠየቁት ሽማግሌም አላፈሩም፤ እጃቸውን ዘርግተው አንድ አቅጣጫ አሳዩት። በልብ ወለድ ውስጥ ያለ ሰው ቤት ይኑረው አይኑረው መከራከሩን ትቼ መንገዴን ቀጠልኩ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ። ፍኖተ ሰላም ተቀምጬ የሰው ልብ ወለድ ሳርም እውላለሁ። ከቡሬ፣ ከጅጋ፣ ከደምበጫ፣ አልፎ አልፎም ከባሕር ዳር ረቂቅ ይመጣልኛል። ድሮ በፌስታል ተጠቅልሎ በሹፌር እጅ ይላክ ነበር፤ አሁን በቴሌግራም ነው። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች ወጣቶች ናቸው፤ ጥያቄያቸውም አንድ ዓይነት ነው፤ "መምህር፣ መጽሐፉ አልቋል፤ ጥሩ አርታኢ የት ላግኝ?" እኔን ለመቅጠር አስበው በዘዴ የሚጠይቁ አሉ። ከእኔ የተሻለ ሰው እንድጠቁማቸው የሚጠይቁም አሉ፤ አልቀየማቸውም። ብቻ ሁሉም ነገሩ በእነሱ ዘመን የተጀመረ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ሰው ከመጠቆሜ በፊት ወደ ኋላ እወስዳቸዋለሁ፤ ወደ ቅኔ ጉባኤ ቤት። አንዳንዱ ይሰለቻል። የሚሰለች ሰው ቀድሞም አርታኢ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ፊደል ለቃሚ ነው።

ጎጃም ማተሚያ ቤት ከማየቱ በፊት ጎበዝ አርታኢ ነበረው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ እያልን የምንጠራቸው ጉባኤዎች ቅኔ ብቻ አላስተማሩም፤ የሌላውን ሰው ድርሰት እንዴት እንደሚሰማና እንዴት እንደሚቃና ጭምር አስተምረዋል። ሥርዓቱን ያላየ ሰው ቅኔ ከሰማይ ዱብ የሚል ነገር ይመስለዋል። ተማሪው ቀን ቀን ከዛፍ ሥር ወይም ከአጥር ጥግ ደበሎውን ተከናንቦ ይቆጥራል። መቁጠር የምንለው ግሱን ከባለቤቱ፣ ቤቱን ከቤቱ፣ ሰሙን ከወርቁ እያዋደዱ በልብ መሥራትን ነው። ወረቀት የለም፤ እርሳስ የለም፤ የተሠራው ሁሉ በራስ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ማታ ሲሆን ተማሪው የቆጠረውን ይዞ ይቀርብና ይናገራል። ጀማሪው የሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃና፣ የበሰለው የስምንት ቤቱን መወድስ። የኔታ ያን ሁሉ ተማሪ ሰምተው አይችሉትም። ስለዚህ ከነባሮቹ መካከል የተመረጠ አስነጋሪ ይኖራል፤ የጀማሪዎቹን ድርሰት የሚሰማ፣ የሚመረምር፣ የሚመልስ።

ቄስ ወይም መሪጌታ ልሆን ሳልበቃ ወደ አስኳላ የኮበለልኩ ሰው ነኝ፤ አስነጋሪዬን ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። እኛ ስንነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞር ነበር። መጀመሪያ የናቀን መስሎን ነበር። ኋላ አንድ ጎረምሳ ደፍሮ ጠየቀውና "ዓይናችሁ ያታልለኛል" አለ። እውነቱን ነበር። ጎበዝ የሚመስል ተማሪ ባዶ ቅኔ በድፍረት ሲናገር ሰው ደስ ይለዋል፤ ዓይን አፋሩ ደግሞ ወርቅ ይዞ ሲንተባተብ አይሰማም። አስነጋሪያችን ሰውየውን ሳይሆን ድርሰቱን ብቻ መስማት ፈለገ። ስሕተት ሲያገኝም "እዚህ ላይ ወደቀ" ይላል እንጂ "እንዲህ በል" አይልም። የቱ ጋ እንደወደቀ ታውቃለህ፤ ማንሣቱ የአንተ ፋንታ ነው። "ሂድና ቁጠር" ይልሃል። ትሄዳለህ። የኔታማ በዓል ደርሶ ጊዜ ሲያጥር ቃሉን ራሳቸው ያቀብሉ ነበር፤ የሳቸውን ቃል ተቀብሎ ቤተ ክርስቲያን ላይ የተቀኘ ተማሪ ግን ጓደኞቹ ዘንድ አይከበርም፤ ቅኔው የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃላ።

ጆሮ ለዚህ ሥራ ምን ያህል እንደሚበቃ ለማሳየት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ልጥራ። ጎጃም ውስጥ ጽላሎ የተባለው ቦታ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው፣ ጉባኤውን ተረክበው ወንዶቹን ደቀ መዛሙርት ያስተማሩ ሴት ናቸው። ዓይነ ስውር ነበሩ። የሰው ድርሰት ሲያቃኑ መስመር የሚሠምሩበት ወረቀት፣ ወደ ኋላ ገልጠው የሚያዩት ገጽ አልነበራቸውም። አንዴ የተነገረውን ይዘው፣ መዝነው፣ የጎደለውን ይናገራሉ። የኮምፒውተር ስክሪን ላይ አፍጥጬ አንድ አንቀጽ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሳነብ ስማቸው ትዝ እያለኝ አፍራለሁ።

የብራናው ዓለምም የራሱ አራሚ ነበረው። ቁም ጸሐፊው የጨረሰውን ጥራዝ ሊቁ ከዋናው ቅጂ ጋር ያስተያዩታል። የተዘለለ ቃል ካለ በመስመሮቹ መካከል ወይም በኅዳጉ በደቂቅ ፊደል ይገባል፤ የት እንደሚገባ ትንሽ ምልክት ያሳያል። ያለ ቦታው የገባ ቃል ከላይና ከታች ቀጫጭን ጭረት ይደረግበታል፤ ከባሰም በምላጭ ይፋቃል። ግሩም ሥራ ነው፤ ግን ይህ የቅጂ እርማት ነው። ጥያቄው "ከዋናው ጋር ይመሳሰላል ወይ?" ነው። አስነጋሪው ግን ዋና ቅጂ የለውም። የሚሰማው ድርሰት ገና ዛሬ ነው የተወለደው፤ ይመሳሰል ዘንድ የሚጠበቅበት ደራሲው ሊለው ካሰበው ነገር ጋር ብቻ ነው። ዛሬ "አርታኢ ነኝ" ከሚሉት ብዙዎቹ የብራናው አራሚ ልጆች ናቸው። የአስነጋሪው ዘር ተመናምኗል፤ እንዴት እንደተመናመነ ለማየት ወደ መጀመሪያው ልብ ወለዳችን መመለስ ያሻል።

ደራሲውም የአገራችን ሰው ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በጣና ዳር ዘጌ ተወልዶ፣ ኑሮው አውሮፓ ሆኖ፣ ኋላ ጦቢያ እያልን የለመድነውን "ልብ ወለድ ታሪክ" በ1900 ዓ.ም ሮም አሳተመ። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ መጽሐፍ ይህ ነው። በዚያ ዘመን ጣሊያን አገር የአፈወርቅን አማርኛ ማን ያርመው? ናፖሊ ላይ አማርኛ ሲያስተምር የነበረው እሱ፣ ለጣሊያኖች የአማርኛ ሰዋስው የጻፈው እሱ። ስለዚህ የአማርኛ ልብ ወለድ ከመነሻው የለመደው ብቸኝነትን ነው፤ ደራሲውና ማተሚያ ቤቱ፣ በመካከላቸው ሰው የለም። አገር ቤት ማተሚያ ሲስፋፋም ይህ ልማድ አልተለወጠም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የራሳቸውን ጎሃ ጽባሕ ማተሚያ ቤት አቋቁመው የራሳቸውን መጻሕፍት አሳተሙ። ቤተ ክህነት ያሳደጋቸው ሊቅ ስለነበሩ አርታኢነቱን በራሳቸው ውስጥ ይዘውት ነበር። ያንን ትምህርት ያልቀመሰው ተከታይ ትውልድ ግን ብቸኝነቱን ወረሰ፤ ጆሮውን አልወረሰም።

ሁለቱን የጎጃም ደራስያን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልኛል።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ በደብረ ኤልያስና በዲማ ቅኔ የተማሩ ናቸው። ፍቅር እስከ መቃብርን በ1958 ዓ.ም ሲያሳትሙ መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነበር። የመጀመሪያውን እትም ያየ ሰው አንድ ነገር ያስደንቀዋል፤ ደራሲው በሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ አድርገዋል። አንባቢው ጮክ ብሎ ሲያነብ የሚላላውን እንዳያጠብቅ፣ የሚጠብቀውን እንዳያላላ አስበውለታል ማለት ነው። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላትም እያንዳንዳቸውን በአንድ ተክተው ጽፈዋል። ይህን ለማተሚያ ቤት መስጠት ለፊደል ለቃሚው ሥቃይ፣ ለአራሚው ደግሞ እጥፍ ሥቃይ ነው። ለምን ተጨነቁ? በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ስለሆኑ ጽሑፍ ማለት ለሳቸው የሚሰማ ነገር ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የአገሩ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያዳመጠውም በዚህ ይመስለኛል። መጽሐፉን በእጁ ይዞት የማያውቅ ገበሬ የጉዱ ካሣን ንግግር በቃሉ ሲወጣው ሰምቻለሁ። አርታኢ ቢኖር ኖሮ ይሻሻል ነበር ወይ? አንዳንዱ ንግግር ላይ እኔ ብሆን "ክቡርነትዎ፣ ይህን ሰው ትንሽ እናሳርፈው" እል ነበር። ደግሞ እሺ ብለውኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስንቱ ሰው በረገመኝ!

አቤ ጉበኛም ከቤተ ክህነት ትምህርት የወጣ ነው፤ ባሕር ዳር አቅራቢያ ቆረንጭ አቦ የተወለደ። እሱ ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ደመወዝ ትቶ በብዕሩ ብቻ ለመኖር የቆረጠ፣ የራሱን መጽሐፍ ራሱ ያሳተመ፣ ራሱ ያከፋፈለ ደራሲ ነበር። በ1955 ዓ.ም ያወጣው አልወለድም ገና ገበያ ሳይጠግብ ታገደ፤ እሱም ኋላ ወደ ጎሬ ተጋዘ። አበዳሪው በር ላይ ቆሞበት የሚጽፍ ሰው የጻፈውን ስድስት ወር አሳድሮ መልሶ ለማየት ፋታ የለውም። አንዳንዱ የአቤ መጽሐፍ ላይ ጥድፊያው ይታያል፤ አንዱ ሐሳብ ሦስት ገጽ ላይ ተደጋግሞ ይመጣል፣ ገጸ ባሕሪው ከሰውነት ወጥቶ ሰባኪ ይሆናል። ሰዎች ይህን አይተው "አርታኢ ቢያገኝ" ይላሉ። እኔ ደግሞ እጠይቃለሁ፤ ከየት ያምጣ? በማንስ ገንዘብ? በእሱ ዘመን የደራሲን ረቂቅ ከዳር እስከ ዳር እንዲያነብ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ሳንሱሩ።

ሳንሱሩን በዚህ ታሪክ ውስጥ ሳላነሣው ማለፍ አልችልም። በንጉሡም በደርግም ረቂቅ ሳያሳልፉ ማሳተም አይቻልም ነበር። ስለዚህ የሁለት ትውልድ ደራሲዎቻችን "ረቂቅህን ሌላ ሰው ያየዋል" ሲባሉ የሚታያቸው ቀይ እስክሪብቶ የያዘ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሳንሱር ያበላሸው ያስቀረውን መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ደራሲው በአንባቢው ላይ ያለውን እምነት ጭምር ነው። እስከ ዛሬ ረቂቁን ሲሰጠኝ የሚንቀጠቀጥ ሰው አለ። "ይህን አውጣው" ስለው የሚሰማው ምክር አይደለም፤ እገዳ ነው። አባቱ የፈራውን እሱም ይፈራል።

በደርግ ዘመን ግን አንድ መልካም ነገር ተፈጥሮ ነበር፤ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት። የመንግሥት ነበር፣ ሸክሙም ብዙ ነበር፤ ቢሆንም በአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ አርታኢ የሚባል ሙያተኛ በቅጡ ወንበር ያገኘበት ቤት ነው። አማረ ማሞን የማያውቅ የዚያ ዘመን ደራሲ አይገኝም። የአላን ፔተንን መጽሐፍ እሪ በይ አገሬ ብለው ወደ አማርኛ የመለሱት እሳቸው ናቸው፤ የሌሎችን ድርሰት በማረም የተመሰገኑትም በዚያው ልክ ነው። ያ ቤት ደራሲን ከአደጋ ያድናል ማለት አይደለም። በዓሉ ግርማ ኦሮማይን በ1975 ዓ.ም በኩራዝ አሳተመ፤ መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ፤ እሱም በ1976 ዓ.ም የካቲት ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። አርታኢ ዐረፍተ ነገርን ያቃናል እንጂ ዘመንን አያቃናም።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ። የፕሬስ አዋጁ፣ ቁጥር 34/1985፣ ሳንሱርን አነሣ። ደስታው ትልቅ ነበር፤ እኔም ጨፍሬያለሁ። ነገር ግን ሳንሱሩ ሲሄድ የመንግሥት አሳታሚውም ቀስ በቀስ ተዳከመ፤ ደራሲው እንደገና እንደ አቤ ብቻውን ማተሚያ ቤት በር ላይ ተገኘ። የሽፋን ሥዕል ይከፍላል፣ ለጻፈችለት ልጅ ይከፍላል፣ ለወረቀት ይከፍላል፤ ገንዘቡ የሚያልቀው አርታኢው ጋ ሲደርስ ነው። ከዚያ ጓደኛውን "እስቲ እየው" ይለዋል። ጓደኛው ሁለት "ነው" ወደ "ናቸው" ቀይሮ፣ አራት ነጥብ ጨምሮ ይመልስለታል፤ ምስጋና ገጹ ላይ ስሙ ይወጣል።

እኔ ግን ያንን የምስጋና ገጽ ሳላነብ መጽሐፍ አልገዛም። አንባቢ ይዘለዋል፤ አርታኢ ፈላጊ ግን ከእሱ የተሻለ መዝገብ አያገኝም። የወደዳችሁትን ልብ ወለድ ግለጡት፤ "ረቂቁን አንብበው ገንቢ አስተያየት የሰጡኝ" የሚል ነገር አለ። አንድ ስም ሦስት ጥሩ መጽሐፍ ላይ ካያችሁ እሱን ፈልጉት። ከመደበኛ ሥራው ውጭ የሚያነብ አስተማሪ፣ ጋዜጠኛ፣ አንዳንዴም ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው ሆኖ ይገኛል። በየጉባኤው አስነጋሪ የነበረው ሰው እንዲሁ ነው የሚበተነው፤ ማዕረግ የለው፣ ቢሮ የለው።

አንዲት ልጅ ላንሣ፤ ስሟን አልጠራም። የቡሬ ልጅ ናት፤ እናቷን ቀብራ የመጣች ልጅ ታሪክ ጽፋ ነበር። እኔ ዘንድ ከመምጣቷ በፊት ለሁለት ሰዎች አሳይታዋለች። ሁለቱም በሙከራ አንድ ምዕራፍ አርመውላት ነበርና ሦስተኛው ልሆን ነው። ይህን ብልሃት ማን እንዳስተማራት አላውቅም፤ ወድጄላታለሁ። ያው አንድ ምዕራፍ ለሦስት ሰው ሲሰጥ የሦስቱም ጠባይ ይወጣል። የእሷ ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይል ነበር፤ "ዓለሚቱ እናቷ ስለሞተችባት በልቧ ውስጥ ትልቅ የሆነ ሐዘን ይሰማት ነበር።" የመጀመሪያው ሰው "ውስጥ" እና "የሆነ" የሚሉትን ሰርዞ አለፈ። ያጠፋው ነገር የለም፤ እሱ የብራናው አራሚ ነው። ሁለተኛው አሳማሪ ነበር። እንዲህ አደረገው፤ "የዓለሚቱ ልብ በሐዘን ጽልመት ተውጦ የእንባ ጎርፍ ጉንጮቿን ያርስ ጀመር።" ልጅቱ ይህን ስታነብልኝ ደስ ብሏት ነበር። የእኔ ጉዳይ ከእሷ ጋር የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

"ይህ ዐረፍተ ነገር የማን ነው?" አልኳት።

"የኔ።"

"እሺ። እናቷ ከሞቱ ወዲህ እንጀራ የሚጋግረው ማነው?"

ዝም አለች። ያን አላሰበችውም ነበር። ታሪኩን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ትታልኝ ወጥታ ሄደች፤ የተቀየመች መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ስትመለስ ዐረፍተ ነገሩ እንዲህ ሆኗል፤ "እናቷ ከሞተች ወዲህ ዓለሚቱ ምጣዱን አላሰሰችውም።" ሐዘን የሚል ቃል የለውም፤ ልብም የለም፤ እንባም የለም። ምጣድ አስሳ የምታውቅ ልጅ ግን ይህን ስታነብ ቤቱ ውስጥ ትገባለች። እኔ አንድም ቃል አልሰጠኋትም። "እዚህ ላይ ወደቀ" ነው ያልኳት፤ በጥያቄ መልክ።

አሳማሪን እንዴት እንለየዋለን ለሚለኝ ሁሉ ይህንኑ እነግራለሁ፤ ያረመልህን ገጽ ጮክ ብለህ አንብብ፤ የራስህን ድምፅ ካልሰማህበት መልስለት። "ቃሉ የማን ነው?" የሚለው ጣጣ በእኛ አገር ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ቶማስ ዎልፍ ለአሳታሚ ያመጣው ረቂቅ እንደ ተራራ የተቆለለ ነበር። ማክስዌል ፐርኪንስ የተባለው አርታኢ ከደራሲው ጋር ተቀምጦ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ቃላት አስቆረጠው፤ የመጀመሪያ መጽሐፉም በ1929 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወጣ፤ ተወደደ። ፐርኪንስ ታላቅ አርታኢ ነበር፤ ከአሳማሪዎችም አልነበረም። ቢሆንም ኋላ አንድ ሐያሲ "መጽሐፎቹን የሚሠራለት አርታኢው ነው" ብሎ ሲጽፍ ዎልፍ አልቻለውም፤ አሳታሚውን ጥሎ ሄደ። የኔታ ያቀበሉት ቃል ይዞ የተቀኘ ተማሪ የሚሰማውን ነው የተሰማው።

ከአርታኢ የሚፈለግ ሌላም ነገር አለ፤ አገር ማወቅ። አንድ ሰው ዋና ገጸ ባሕሪውን ጢስ ዓባይ ወስዶ በግንቦት ወር፣ በ2005 ዓ.ም፣ ፏፏቴው ሸለቆውን ሞልቶ እያጓራ ፍንጣቂው ልብሷን ሲያርሰው ጽፎ ነበር። አዲስ አበባ ያለው አርታኢ አላየውም፤ አማርኛው ያማረ ነበርና። እኔ ግን ሳቅሁ። በ1950ዎቹ የተሠራው የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ የወሰደው ውኃ ትንሽ ነበር። በ1993 ዓ.ም አካባቢ ሁለተኛው፣ 73 ሜጋ ዋቱ፣ ሥራ ሲጀምር ግን ዓባይ አብዛኛው ወደ ቦዩ ተመለሰ፤ በበጋ ፏፏቴው ጋ የሚቀረው ቀጭን ውኃ ሆነ። ደራሲው በልጅነቱ ያየውን ጢስ ዓባይ ጻፈ እንጂ ገጸ ባሕሪው የቆመችበትን አልጻፈም። ከዚያው ረቂቅ ላይ አርታኢው የቡሬውን ገበሬ "አያ" ሁሉ እያነሣ "ጋሼ" አድርጎታል። ማረሻ የያዘ ሽማግሌ ታላቅ ወንድሙን ጋሼ ሲል እኔ ቡሬ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ታሪኩ የገጠር ጎጃም ከሆነ ጎጃምን የረገጠ አርታኢ ፈልጉ፤ ታሪኩ መርካቶ ከሆነ ደግሞ እኔ ጋ አትምጡብኝ።

ረቂቅ ለሰው ስትሰጡ አንድ ቅጂ እጃችሁ ላይ አስቀሩ። ይህን ማለት ዛሬ የሚያስቅ ይመስላል። ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ ግን በእጁ የጻፈውን፣ ሌላ ቅጂ የሌለውን ረቂቅ ለንደን ላለ የታይፕ ጽሑፍ ቤት ልኮ ወራት ሙሉ መልስ አጥቶ ነበር። አንዲት የሥራ አለቃው ለእረፍት ለንደን ስትሄድ ቢሮው ድረስ ገብታ ባትጮህባቸው ኖሮ በ1958 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመውን፣ አፍሪካ ሁሉ ያነበበውን መጽሐፍ ዛሬ ባላገኘነው ነበር። በፍላሽ ላይ ብቻ ያለ ልብ ወለድም ከዚያ የሚለየው በመጠኑ ነው፤ ፍላሹ ኪስ ውስጥ ሲታጠብ አይቻለሁ።

ገንዘቡስ? በጉባኤ ቤት ተማሪው ለየኔታ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ በክረምት ያርማል፤ የእርማት ክፍያው ማረም ነው ብለን እንቀልድ ነበር። ዛሬ ልማዱ በገጽ መክፈል ሆኗል፤ እኔ ይህን አልወደውም። በገጽ የሚከፈለው ሰው 400 ገጽ የመጣለትን መጽሐፍ "ይህ 250 ገጽ ቢሆን ይሻለዋል" ብሎ ሲናገር የራሱን እንጀራ እየቆረሰ ነው። ስንቱ ሰው ነው ይህን የሚደፍር? ስለዚህ ለመጽሐፉ በድምሩ ተስማሙ፤ ግማሹ መጀመሪያ፣ ግማሹ የመጨረሻው እርማት ሲያልቅ። ስንት ዙር እንደሚነበብም አስቀድማችሁ ጻፉት። ካልጻፋችሁት ደራሲው አሥረኛ ዙር ሲያመጣ አርታኢው ስልኩን ያጠፋል፤ ጥፋቱ የሁለቱም ነው።

የቡሬዋ ልጅ በመጨረሻ እኔን መረጠች፤ ለምን እንደመረጠችኝ አልጠየቅኋትም። መጽሐፉ አሁን ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ረጅም ነው፤ የለቅሶው ቤት ትርኢት ለሁለት ቢከፈል ይሻል ነበር፤ ነግሬያታለሁ። አልተስማማችም። እንዳለ ይሄዳል።